ፕሮግራምን ከፖስትግሬስ ጋር ማገናኘት

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ (መረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር) ጥያቄ የላከለት ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ይጻፍ በጃቫ ግድ የለውም። እርሱ የሚያውቀው በኔትወርክ የሚደርሱትን መልእክቶች ብቻ ነው፤ እነርሱም ፕሮቶኮል በሚባል ጥብቅ ሥርዓት ካልተዘጋጁ አያነባቸውም። በቋንቋውና በዳታቤዙ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ድራይቨር የተባለው ሶፍትዌር ነው። ሥራውን በአግባቡ ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም። ሲበላሽ ግን ፕሮግራመሩ ቀኑን ሙሉ በኤስኪውኤል፣ ማለትም በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የጻፈውን ትእዛዝ ሲመረምር ይውልና ጥፋቱ እዚያ እንዳልነበረ አመሻሽ ላይ ይረዳል።

ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ የምርምር ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ ኤስኪውኤል አያውቅም ነበር፤ ፖስትኩዌል የሚባል የራሱ መጠየቂያ ቋንቋ ነበረው። ኤስኪውኤልን ያስተማሩት አንድሪው ዩ እና ጆሊ ቼን የተባሉ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው፤ ፖስትግሬስኪውኤል የሚለውን ሙሉ ስም ያገኘው በ1996 ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሲሆን ፕሮቶኮሉም በዝርዝር ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ማንም ተነስቶ ለወደደው ቋንቋ ድራይቨር ሊሠራለት ይችላል።

ሠሪዎቹም ሁለት መንገድ ይከተላሉ። ሳይኮፒጂ የተባለው የፓይተን ድራይቨር ከዳታቤዙ ጋር አብሮ የሚዘጋጀውን፣ ሊብፒኪው የተባለ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ይጠቀማል። የጃቫው ድራይቨር ደግሞ ፕሮቶኮሉን ከሀ እስከ ፐ በጃቫ ጽፎታል። በ2021 የወጣው 14ኛው የፖስትግሬስ ስሪት የይለፍ ቃል የሚጠበቅበትን ነባሪ (ሌላ ካልተመረጠ የሚሠራ) ዘዴ ኤምዲ5 ከተባለው ስክራም ወደተባለው ሲቀይር፣ ያረጀ የጃቫ ድራይቨር የያዘ ሰው «የማረጋገጫ ዓይነት 10 አይደገፍም» የሚል መልስ ይገጥመው ጀመር። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ አስተርጓሚው ነው አዲሱን ቃል ያልተማረው።

ግንኙነት ለመክፈት አምስት ነገር ይበቃል፦ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርት የተባለው የመግቢያ በር ቁጥር (በተለምዶ 5432)፣ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል። ስህተት ሲመጣ መልእክቱን ረጋ ብሎ ማንበብ ብዙ ድካም ያድናል። ግንኙነቱ ወዲያው እምቢ ከተባለ በዚያ አድራሻና ፖርት የሚያዳምጥ የለም ማለት ነው፤ ፖስትግሬስ ካልታዘዘ በቀር የሚያዳምጠው ያለበትን ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ ይህ የተለመደ ነው። ምንም መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለቀ ፋየርዎል የተባለው የኔትወርክ ዘበኛ መጠርጠር አለበት። የይለፍ ቃል አልተቀበልኩም ካለ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ቢያንስ በሩ ድረስ ደርሳችኋል።

በሩን ማንኳኳት ራሱ ዋጋ አለው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የተለየ ፕሮሰስ (ኮምፒውተሩ ላይ ለብቻው የሚሄድ ሥራ) ይከፍታል፤ ካልተቀየረም በአንድ ጊዜ ከ100 ግንኙነት በላይ አያስተናግድም። ለእያንዳንዷ ጥያቄ ከፍቶ የሚዘጋ ድረ ገጽ ተጠቃሚ ሲበዛበት የሚንገዳገደው ለዚህ ነው። መፍትሔው ጥቂት ግንኙነቶችን ከፍቶ ማቆየትና በተራ ማዋስ ነው፤ ፒጂባውንሰር የተባለው ፕሮግራም የቆመው ለዚሁ ሥራ ነው።

ጥያቄው ውስጥ የሚገባ እሴት ከትእዛዙ ጋር ተቀጣጥሎ መጻፍ የለበትም። ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ያለበት ስም ሲገባ ትእዛዙ ይሰበራል፤ ተንኮለኛ የሆነ ሰው ደግሞ በዚያችው ቀዳዳ የራሱን ትእዛዝ ያስገባል። ስለዚህ በእሴቱ ቦታ ምልክት ይቀመጥና እሴቱ ለብቻው ለድራይቨሩ ይሰጣል። የጃቫ ምልክት የጥያቄ ምልክት ነው። የሳይኮፒጂ ግን የመቶኛ ምልክትና ኤስ የምትባለው የላቲን ፊደል ናቸው፤ ፓይተን ለተራ ጽሑፍ ማቀናበሪያ የሚጠቀምበትን ይመስላል፣ ግን አይደለም። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ምርጫ ማሰብ ይከብዳል።

በቋንቋዎች መካከል የሚደበቅ ሌላም ልዩነት አለ። በጃቫ ደንብ እያንዳንዱ ትእዛዝ እንደተፈጸመ ይጸድቃል። በፓይተን የዳታቤዝ ደንብ ግን ኮሚት፣ ማለትም «ለውጡ ይጽና» እስኪባል ድረስ ምንም ነገር አይጸናም። ከጃቫ የመጣ ሰው መቶ ረድፍ ያስገባል፤ ስህተት አያይም፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሠንጠረዡ ባዶ ነው። እኔም በዚህ ተሞኝቼ ዳታቤዙን ረግሜዋለሁ።

ከዚያ የእሴት ዓይነት ይመጣል። ኒውሜሪክ የተባለው የዳታቤዙ የቁጥር ዓይነት ወደ ፓይተን ሲገባ ዴሲማል የተባለው ትክክለኛ የአስርዮሽ ቁጥር ይሆናል፤ ለገንዘብ ይህ ነው የሚያስፈልገው። ይህን ትቶ ፍሎት የተባለውን ግምታዊ የቁጥር ዓይነት የመረጠ ሰው 0.1 እና 0.2 ደምሮ 0.30000000000000004 ያገኛል። ስለ ፊደልም ቢሆን ሁለቱ ወገኖች መስማማት አለባቸው። የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ፖስትግሬስ ግን የዓምድን ርዝመት የሚለካው በፊደል ቁጥር እንጂ በባይት ስላልሆነ፣ 10 ፊደል የተፈቀደለት ዓምድ 10 የአማርኛ ፊደል ይቀበላል። ማይኤስኪውኤል በተባለው ሌላ ዳታቤዝ በኩል ነባሪው የፊደል ኮድ እስከ 8.0 ስሪት ድረስ የግእዝ ፊደል የሌለበት ላቲን 1 ነበር፤ የአማርኛ ጽሑፍ አስገብተው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ተመልሶ የመጣላቸው ሰዎች ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነበር።