ጤፉ ግሉተን የለውም፤ የተያዘበት ማዳበሪያስ? ለልጃቸው ሲሉ ንግድ የሚጀምሩ ወላጆች የሚደጋግሟቸው ስሕተቶች

ልጃቸው ሴሊያክ እንዳለበት የተነገራቸው ወላጆች ብዙም ሳይቆዩ አንድ ሐሳብ ይመጣላቸዋል፤ ለልጃችን የምናዘጋጀውን ዱቄትና እንጀራ ለምን ለሌሎችም አንሸጥም? ሐሳቡ ደግ ነው። ንጹሕ ምግብ ፍለጋ ገበያ ለገበያ የዞረ ቤተሰብ የችግሩን ጓዳ ከማንም በላይ ያውቃል። ችግሩ ሥራውን ሲጀምሩ ይዘዋቸው የሚመጡት አባባሎች ናቸው። ሁሌም እነዚያው፣ ሁሌም በሙሉ ልብ የሚነገሩ፤ መስማቱ አድክሞናል። ዱቄቱን የሚበላው የሌላ ሰው ልጅም ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፋቸው አንችልም።

ሴሊያክ የሰውነት መከላከያ ግሉተን (በስንዴና በመሰሎቹ እህሎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን) በገባ ቁጥር የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት ሕመም ነው። እንደ ምንጣፍ ፀጉር የቆሙት፣ ምግብ የሚመጥጡት ስስ ቅንጣቶች ይመለጣሉ። ልጁ እየበላ ይከሳል፣ ቁመቱ ይቆማል፣ ደሙ ያንሳል። ግሉተን ያለባቸው እህሎች ስንዴ፣ ገብስ፣ ሬይ (ስንዴ መሰል የአውሮፓ እህል) እና ከስንዴና ከሬይ የተዳቀለው ትሪቲካሌ ናቸው። ሕክምናው እነዚህን ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው።

«ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ምርታችን ከግሉተን ነጻ ነው»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ከእሱ አይወለድም። ግሉተን የሌለው የጤፍ ፍሬው ነው፤ እናንተ የምትገዙት ደግሞ ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ ነው፤ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ጤፍ ብቻ አይደለም።

ጤፉ እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ያለፈበትን መንገድ ተከተሉት። አምና ስንዴ የተዘራበት ማሳ ላይ የረገፈው ስንዴ ዘንድሮ በጤፉ መሃል ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል። አውድማው ከጤፉ በፊት ገብስ የተወቃበት ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያው ትናንት ፉርኖ ዱቄት የነበረበት ነው፤ ገልብጣችሁ ብታራግፉት ከስፌቱ ነጭ ብናኝ ይወርዳል። ነጋዴው ጤፉን የሚሰፍርበት ጣሳ ስንዴውንም ይሰፍራል። ከዚያ ወፍጮ ቤት አለ፤ እሱን ለብቻው እናየዋለን።

አሁን ቁጥሩን እንሥራ፤ ቁጥሩን ያልሠራ ሰው ነገሩ አይገባውም። የዓለም አቀፉ የምግብ መመዘኛ ኮዴክስ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሻሻለው ደረጃ «ከግሉተን ነጻ» የሚባለው ምግብ በ1 ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ያለበት ነው። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረትም የያዙት ይህንኑ 20 ነው። አንድ የስንዴ ፍሬ ወደ 40 ሚሊግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ አንድ አሥረኛው ገደማ፣ ማለትም 4 ሚሊግራም ያህሉ ግሉተን ነው። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ 5 የስንዴ ፍሬ ካለ ገደቡ ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው። አምስት ፍሬ! በዱቄት ስናሰላው ደግሞ ለ50 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 10 ግራም ፉርኖ ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ መሆኑ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ አበላል አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ግሉተን ቢገባበት አንጀቱ እንደማይጎዳ ይታመናል፤ በቀን 50 ሚሊግራም ለሦስት ወር የወሰዱ ሕመምተኞች አንጀታቸው እንደተጎዳ በጥናት ታይቷል። በቀን ሦስቴ እንጀራ የሚበላ ሰው ግማሽ ኪሎ ዱቄት ቢጨርስና ዱቄቱ ልክ 20 ላይ ቢሆን 10 ሚሊግራሙን ከእንጀራው ብቻ ሞላ። ሽሮውና በርበሬው ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ የወረቀቱ ገደብ 20 ቢሆንም እናንተ ከ10 በታች አልሙ።

ማጽዳቱ ይቻላል፤ ጤፍ ትንሽነቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንድ የስንዴ ፍሬ የመቶ የጤፍ ፍሬ ያህል ይመዝናል፤ በወንፊት መለየት ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እየዘገናችሁ 1 ኪሎ ናሙና ሰብስቡ። ነጭ ትሪ ላይ በስሱ አፍስሱት፤ በደንብ በሚያበራ መስኮት አጠገብ ስንዴና ገብሱን በወረንጦ ልቀሙና ቁጠሩ። ብዙ ካገኛችሁ ማዳበሪያውን መልሱ። ከተቀበላችሁት ቀዳዳው 1.2 ሚሊሜትር አካባቢ በሆነ ወንፊት ንፉት፤ ጤፉ ያልፋል፣ ስንዴና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ያለፈውን ደግሞ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር በሆነ ደቃቅ ወንፊት ንፉት። ይህ ሁለተኛው ዙር ሰው የሚዘለው ነው፤ ግን የፉርኖ ብናኝና አቧራ የሚወርደው በእሱ ነው። ጥቂት ደቃቅ ጤፍም አብሮ ይወርዳል፤ ያንን ኪሳራ ዋጋችሁ ውስጥ አስገቡት። ከሁለቱ ዙር በኋላ እንደገና 1 ኪሎ ትሪው ላይ አፍስሱ። አሁን መገኘት ያለበት ዜሮ ፍሬ ነው። በወንፊት የማይያዘው ከጤፍ ጋር እኩል ሆኖ የተሰባበረ ስንዴ ነው። ስለዚህ ሲገዙም ሸርካታ የበዛበትን ጤፍ አለመግዛት ነው።

«ወፍጮው ተጠርጎ ጠዋት የመጀመሪያ ተራ እናስፈጫለን»

ይህ አባባል ከሁሉም በላይ ያበሳጨናል፤ ምክንያቱም በቅን ልብ የደከመን ሰው ልፋት በአምስት ደቂቃ ገደል ይከታል። ሁለት ቀን ሲነፋ የሰነበተ ጤፍ ተሸክሞ ትናንት ማታ ስንዴ ሲፈጭ ያመሸ ወፍጮ ውስጥ ማፍሰስ ነው።

የወፍጮ ድንጋይ ተወቅሮ የወጣለት ጎድጓዳ መስመር አለው። ዱቄት እዚያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀራል፤ መጥረጊያ አይደርስበትም። ዱቄት መውረጃው ላይ የምትታሰረውን የጨርቅ እጅጌ ደግሞ አንድ ቀን ገልብጣችሁ እዩአት። ጣት ያህል የወፈረ ያደረ ዱቄት ውስጧ ተጋግሮ ታገኛላችሁ፤ ጤፉ በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ነው ከረጢታችሁ የሚገባው። የቤቱ ግድግዳና ጣራም ነጭ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ያ ሁሉ ይራገፋል። ለ50 ኪሎ አንድ ማንኪያ ይበቃል ብለናል።

«መጀመሪያ 5 ኪሎ ጤፍ ፈጭተን እንጥላለን» የሚሉም አሉ። የሚቀንስ ነገር አለ፤ ምን ያህል እንደቀነሰ ግን ሳይመረመር ማንም አያውቅም፣ ነገ ደግሞ የተለየ ነው። ስለዚህ የሚሸጥ ዱቄት የራሱ ወፍጮ ያስፈልገዋል፤ አዲስ፣ ስንዴም ገብስም ገብቶበት የማያውቅ። ያገለገለ ወፍጮ ረክሶ ብታገኙ እንኳ ድንጋዩን፣ ወንፊቱንና ጨርቁን ሳትቀይሩ አትጠቀሙበት።

ወፍጮ ለመግዛት አቅም እስክታገኙ ሌላ መንገድ አለ፦ የተነፋና የተለቀመ ጤፍ በፍሬው ሽጡ። ገዢው ቤቱ ባለው ትንሽ መፍጫ ይፈጨዋል። ትርፉ ያነሰ ነው፤ በጽዳቱ በኩል ግን ልትቆሙለት የምትችሉት ምርት ነው።

«እሳቱና እርሾው ግሉተኑን ይገድሉታል»

ግሉተን ፕሮቲን ነው፤ ጀርም አይደለም፣ በምጣድ ሙቀት አይሞትም። ማቡካትም ቢሆን ጥቂቱን ይሰባብር ይሆናል እንጂ ለሕመምተኛ አስተማማኝ አያደርገውም።

እንዲያውም እርሾው ራሱ ግሉተን የሚገባበት በር ነው። ከጎረቤት የተወሰደ እርሾ ጎረቤቲቱ ገብስ ወይም ስንዴ ቀላቅላ ካቦካችው ሊጥ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ከራሳችሁ ንጹሕ ዱቄት ጀምሩ፤ ዱቄትና ውኃ በአዲስ ዕቃ አቡክታችሁ ሦስት አራት ቀን ስትጠብቁ ከላይ የሚያቀረው ውኃ እርሾ ይሆናችኋል። ከዚያ ወዲያ ከሌላ ቤት አትቀበሉ። የሸክላ ምጣዱ፣ ማሰሻ ጨርቁ፣ አክንባሎውና ሰፌዱ ለዚህ ሥራ ብቻ ይሁኑ። ሸክላ ይመጥጣል፤ ሰፌድ ደግሞ በስንጥሮቹ መሃል ዱቄት ይይዛል፣ ታጥቦ አይጠራም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የምርመራ ስሕተት አለ። ወላጆች የተጋገረውን እንጀራ ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ ውጤቱ ዝቅተኛ ሲሆን ይደሰታሉ። ነገር ግን የተለመደው ኤላይዛ የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ሙሉውን የግሉተን ቁራጭ ለመያዝ የተሠራ ነው። በቡኮ የተሰባበረውን በትክክል ላይቆጥረው ይችላል፤ ጠላና ቢራ ላይም ችግሩ ያው ነው። መመርመር ያለበት ከመቡካቱ በፊት ያለው ዱቄት ነው። ከአንድ የፍጭት ዙር ከተለያዩ ከረጢቶች ናሙና ውሰዱ፣ ቀላቅሉ፣ እሱን ላኩ። ግሉተን እንደ ስንዴ ፍሬ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ከአንድ ከረጢት ብቻ የተጨለፈ ናሙና ብዙ አይነግራችሁም።

«ልጃችን በልቶት ምንም አልሆነም»

ልጅ መመርመሪያ መሣሪያ አይደለም። ሴሊያክ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ግሉተን በልተው ሆዳቸውን አያማቸውም፣ አያስመልሳቸውም፤ አንጀታቸው ግን እየተመለጠ ነው። የእናንተ ልጅ ዝም ስላለ ሌላው ልጅ አይጎዳም ማለት አይቻልም፤ የእናንተው ልጅም አልተጎዳም ማለት አይቻልም። ልጁን የሚከታተለው ሐኪም የሚያዘው የሴሊያክ የደም ምርመራ ቁጥር በየጊዜው እየወረደ መሆኑን እዩ፤ ቁመቱንና ክብደቱን መዝግቡ። ምርታችሁን ደግሞ በላቦራቶሪ ፈትሹ።

አዲስ ምርት በልጅ ላይ «እስቲ እንሞክረው» የሚባለውንም ተዉት። ያልተመረመረ ዱቄት ለልጁ አይቀርብም፤ ለደንበኛም አይቀርብም።

«አጃ ለሆድ ተስማሚ ነው፤ አጥሚቱን በአጃ እንሥራው»

በመጀመሪያ የትኛው አጃ? በአንዳንድ ገበያ አጃ የሚባለው በእንግሊዝኛ ኦት የሚሉት እህል ነው፤ በሌላው አጃ ማለት ገለባው ከፍሬው የማይላቀቅ የስንዴ ዘር ነው፣ እሱ ግሉተን አለበት። ኦቱም ቢሆን ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚበቅልና ስለሚፈጭ ለብቻው ተጠብቆ ካልተመረተ አይሆንም፤ ንጹሕ ሆኖም የማይስማማቸው ጥቂት ሕመምተኞች አሉ። አጥሚት በሩዝ፣ በዳጉሳ፣ በበቆሎ ወይም በቡላ ይሠራል፤ እነሱም እንደ ጤፉ ተለቅመውና ተነፍተው።

«ሐኪም ቤት ሳንሄድ ስንዴ አቁመን አየነው፤ ተሻለው»

ስንዴ ከቆመ በኋላ የደም ምርመራውም የአንጀት ናሙናውም ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ማቆም። ወንድምና እኅቶቹም ይመርመሩ፤ በቅርብ የሥጋ ዘመድ ውስጥ ከአሥር አንዱ ያህል ሊኖርበት ይችላል፣ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን ከመቶ አንዱ ገደማ ነው።

«ሲያድግ ይለቀዋል»

አይለቀውም።

«ቀይ ጤፍ ደም ይሞላል፤ የብረት መድኃኒቱን አቁመንለታል»

ይህን ማሸጊያ ላይ የሚጽፉም አሉ። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው፤ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ፍሬው ውስጥ ያለውን ብረትም ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ይይዘዋል፤ ማቡካት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አንጀቱ ገና ያላገገመ ልጅ ደግሞ ያገኘውንም በደንብ አይመጥጥም። መድኃኒቱን የሚያቆመው ያዘዘው ሐኪም ነው። እናንተ ማሸጊያው ላይ «ደም ይሞላል»፣ «ስኳር ያወርዳል»፣ «ክብደት ይቀንሳል» አትጻፉ።

«ከቤት ለሚያውቁን ሰዎች ብቻ ነው የምንሸጠው»

ከግሉተን ነጻ ብላችሁ ለአንድ እናት ስትሸጡ ቃል ገብታችኋል፤ ትውውቁ ቃሉን አያቀለውም። የንግድ ምዝገባና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ምግብ የሚያመርት ሰው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር እንደሚወድቅም እወቁ። ለናሽቪልና ለፍራንክፈርት ሱቆች እንልካለን የምትሉ ከሆነ ደግሞ ጤፍ በፍሬው ወደ ውጭ መላክ ለዓመታት ሲከለከል የቆየ በመሆኑ ሥራ ላይ ያለውን መመሪያ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ተቀባዩ አገርም 20ውን ይጠይቃችኋል።

በመጀመሪያው ቀን የሚጀመር አንድ ደብተር ይኑር። ለእያንዳንዱ የፍጭት ዙር አንድ ቁጥር ስጡ፦ ጤፉ የመጣበት ቦታና ሻጭ፣ ከ1 ኪሎ የተለቀመው የስንዴና የገብስ ፍሬ ብዛት፣ የተነፋበት ቀን፣ የተፈጨበት ቀን፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የገዢዎቹ ስልክ። ያው ቁጥር ከረጢቱ ላይ ይታተም። ከእያንዳንዱ ዙር ግማሽ ኪሎ አሽጋችሁ ቢያንስ ዱቄቱ ተበልቶ እስኪያልቅ አስቀምጡ። ውጤቱ ሳይመጣ ከመጋዘን ምንም አይውጣ። አንዲት እናት ደውላ «ልጄ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሆዱን አሞታል» ስትል ቁጥሩን ጠይቋት፣ ያስቀመጣችሁትን ናሙና ላኩ፣ ከዚያው ዙር ለወሰዱት ሁሉ በዚያው ቀን ደውሉና እንዳይበሉት ንገሯቸው።