የአጭር ዕድሜ ጋዞች የሌዘር ልኬት

በከባቢ አየር ውስጥ በመጠናቸው ከቁጥር የማይገቡ የሚመስሉ፣ የአየሩን ኬሚስትሪ ግን የሚዘውሩ ጋዞች አሉ። ዋነኛው ከአንድ የኦክስጅንና ከአንድ የሃይድሮጅን አቶም የተሠራው ሃይድሮክሲል ነው፤ ሜቴንንና ካርቦን ሞኖክሳይድን ከአየር የሚጠርገው በአመዛኙ እሱ ነው። በቀን ብርሃን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ ጥቂት ሚሊዮን የሃይድሮክሲል ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ብዙ ይመስላል እንጂ በዚያችው ስፍራ 25 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያህል የአየር ሞለኪውሎች ታጭቀዋል። ዕድሜው ምድር አካባቢ ቢበዛ አንድ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ በጠርሙስ ቀድቶ ቤተ ሙከራ ማድረስ አይታሰብም፤ መሣሪያው ራሱ ወደ አየሩ ይሄዳል።

በ1970ዎቹ የተሠሩት መሣሪያዎች የሞገድ ርዝመቱ 282 ናኖሜትር በሆነ ሌዘር ሃይድሮክሲልን አነቃቅተው ፍካቱን፣ ማለትም መልሶ የሚረጨውን ብርሃን፣ ይቆጥሩ ነበር። ይኸው ሌዘር ግን ኦዞንንም ይሰነጥቃል፤ የሚወጣው የኦክስጅን አቶም ከውሃ ተን ጋር ተገናኝቶ ሌላ ሃይድሮክሲል ይወልዳል። መሣሪያው የገዛ እጁን ሥራ መልሶ ይለካ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው በ1980ዎቹ ከፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መጣ። ተመራማሪዎቹ ሃርድና ኦብራየን አየሩን በመርፌ ቀዳዳ በሚያህል መግቢያ ወደ ዝቅተኛ ግፊት ክፍል ሳቡት። እዚያ ፍካቱ ቶሎ አይዳፈንም። ቆየት ብሎ የተመረጠው የ308 ናኖሜትር ሌዘር የኦዞንን ጣጣ በእጅጉ ቀነሰ። የሌዘሩ ብልጭታና ፍካቱ በዚህ ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ስላላቸው ብርሃን ጠቋሚው ብልጭታው እስኪያልፍ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ወዲያው ገልጦ የቀረውን ፍካት፣ ፎቶን በፎቶን፣ ይቆጥራል። ከዚህ የረቀቀ ብልሃት በዘርፉ እምብዛም አይገኝም።

በደን አካባቢ የተመዘገበው ከፍተኛ የሃይድሮክሲል መጠን እስካሁን ያከራክራል። ገሚሶቹ ተመራማሪዎች ያልታወቀ ኬሚስትሪ ነው ሲሉ ሌሎቹ መሣሪያው ውስጥ የተፈጠረ ነው ይላሉ። ሃይድሮክሲልን የሚያጠፋ ጋዝ መግቢያው ላይ ሲጨመር የሚቀረው ምልክት የመሣሪያው ስህተት እንደሆነ ይወሰዳል፤ በአንዳንድ ቦታም ስህተቱ ትንሽ አልነበረም። የቀድሞ ልኬቶችን ሁሉ መጣል ግን ችኮላ ነው።

ተመራማሪዎቹ ኦኪፍና ዲከን በ1988 ያስተዋወቁት ሌላ ዘዴ ብርሃንን በሁለት መስተዋቶች መካከል ያመላልሳል። መስተዋቶቹ 99.99 በመቶ የሚያንጸባርቁና በአንድ ሜትር የተራራቁ ከሆኑ ብርሃኑ በ33 ማይክሮሰከንድ ውስጥ 10 ኪሎሜትር ይጓዛል፤ ፈጥኖ ከደከመ የመጠጠው ጋዝ አለ። በሌሊት ብቻ የሚበረክተው ሌላው አጭር ዕድሜ ያለው ጋዝ፣ ናይትሬት ራዲካል፣ በዚህ መንገድ በ662 ናኖሜትር ይለካል።

በ1994 በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ኳንተም ካስኬድ ሌዘር ልኬቱን ወደ ታህታይ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን አስፍቶታል።

ለማመሳከሪያ የሚሆን ሃይድሮክሲል በሲሊንደር አይሸጥም። የውሃ ተንን በ185 ናኖሜትር የሜርኩሪ መብራት ሰንጥቆ እዚያው መሣሪያው አፍ ላይ ማምረት ያስፈልጋል።