ግሬትፉል ዴድ ሲጀምር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካዊው የሮክ ባንድ ግሬትፉል ዴድ አንዱን ዘፈን ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጫወትም ነበር። ስለ መጀመሪያ ዓመታቱ ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ተረት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ስሙ ሞትን ማምለክ ነው።» አይደለም። በ1965 ሲጀምሩ ስማቸው «ዋርሎክስ» ነበር። ሌላ ባንድ በዚሁ ስም እንዳለ ሲሰሙ መዝገበ ቃላት ገለጡና «ግሬትፉል ዴድ» የሚለውን አገኙ። የድሮ ተረት ነው፦ ዕዳ ስላለበት ሳይቀበር የቀረን ሰው አንድ መንገደኛ ከፍሎ ያስቀብረዋል፤ የሟቹ መንፈስ በኋላ ውለታውን ይመልሳል። «ውለታ የማይረሳ ሟች» ብንለው ይቀርባል።

«የሳን ፍራንሲስኮ ሂፒዎች ናቸው።» ያ በኋላ ነው። መነሻቸው ፓሎ አልቶ፣ የባንዱ ጊታሪስት ጄሪ ጋርሲያ ጊታር የሚያስተምርበት የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸውን ያቀረቡት በግንቦት 1965 ሜንሎ ፓርክ በሚገኝ ፒዛ ቤት ውስጥ ነበር።

«ዕፅ ወስደው እንደመጣላቸው ይነካኩ ነበር።» ይሄኛው ነው እኔን የሚያናድደኝ። ኤልኤስዲ አልወሰዱም አልልም። በጸሐፊው ኬን ኬሲ «አሲድ ቴስት» ግብዣዎች ላይ («አሲድ» ኤልኤስዲ ነው) ይጫወቱ ነበር፤ ኤልኤስዲም በካሊፎርኒያ እስከ ጥቅምት 1966 አልተከለከለም። ግን ያኔ መድረኩን የሚይዘው የባንዱ ብሉዝ ዘፋኝ ፒግፔን ከኤልኤስዲ ይሸሽ ነበር። እሱን የጎዳው መጠጥ ነው፤ በ1973 በ27 ዓመቱ ሞተ።

ደግሞስ እንደመጣ መነካካት እንዲህ ያደርጋል? ቤዚስቱ ፊል ሌሽ የሙዚቃ ቅንብር የተማረ ትራምፔት ተጫዋች ነበር። ባንዱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቤዝ ጊታር ተጫውቶ አያውቅም። ስለዚህ እንደ ሌላው ቤዚስት ከታች ምት ብቻ አይጠብቅም፤ ለጋርሲያ ጊታር መልስ ይሰጥ ነበር። ሌላው ጊታሪስት ቦብ ዊር ደግሞ የጊታር አጨዋወቱን ከጃዝ ሙዚቀኛው ጆን ኮልትሬን ጋር ይጫወት ከነበረው ፒያኒስት ከማኮይ ታይነር ነው የቀዳው። «ዘ ኢለቨን» የሚባለው ዘፈናቸው በእያንዳንዱ ዙር አሥራ አንድ ምት አለው። እስቲ እያጨበጨባችሁ ቁጠሩት! ሁለት ድራመር ባለበት ባንድ ይህ ያለ ብርቱ ልምምድ አይሆንም። «ዳርክ ስታር» በ1968 በነጠላ ሲወጣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በቀጣዩ ዓመት «ላይቭ/ዴድ» አልበም ላይ 23 ደቂቃ ሆነ። ዘፈኑ ያው ነው፤ የተለጠጠው መደማመጡ ነው።

«ዉድስቶክ ላይ ነገሡ።» ኧረ ተዉ! ነሐሴ 1969፣ የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል፣ ዝናብ፣ የራሰ መድረክ። ጊታርና ማይክሮፎን ሲነኩ ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። መጥፎ ምሽት እንደነበር ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል፤ በዚያን ጊዜ በወጣው የዉድስቶክ ፊልም ውስጥም ሲጫወቱ አይታዩም።