ክሬዲት ዩኒየናችሁ በምርመራ ምን ውጤት እንዳገኘ ለምን አይነገራችሁም?
አሜሪካ ያላችሁ፣ ክሬዲት ዩኒየናችሁን (አባላቱ ባለቤት የሆኑበትን የቁጠባና ብድር ተቋም) «ተቆጣጣሪው ስንት ነጥብ ሰጣችሁ?» ብትሉ መልስ አታገኙም። ሕጉ ስለሚከለክላቸው ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ተቆጣጣሪ ኤንሲዩኤ (NCUA) የሚሰጠው ውጤት «ካሜልስ» ይባላል፤ 1 ምርጡ፣ 5 የመጨረሻው ነው። የምርመራ ሪፖርቱ ክሬዲት ዩኒየኑ እጅ ቢገባም ንብረትነቱ የኤንሲዩኤ ነው፤ ያለ ፈቃድ ለአባል አይታይም። ምክንያቱም «4 አገኘ» የሚል ወሬ ከተናፈሰ ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ይሰለፋል፤ ሊድን የሚችለውም ይወድቃል። ውጤቱ ይፋ ቢሆን ሥራ አስኪያጆችም ጉድለታቸውን ለመርማሪው በግልጽ መናገር ይፈራሉ።

አባል ባለቤት ስለሆነ ነገሩ ቅር ማሰኘቱ እውነት ነው። ግን በየሩብ ዓመቱ የሚቀርበው የሒሳብ ሪፖርት ምስጢር አይደለም። ኤንሲዩኤ ድረ ገጽ ላይ የክሬዲት ዩኒየናችሁን ስም ፈልጉ፤ ካፒታሉንና ክፍያው የዘገየ ብድሩን ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩ።