ኢንዲ ምንድን ነው? የድምፅ ስም አይደለም

ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ አንድ የአማርኛ የሬዲዮ ፕሮግራም እያዳመጥኩ ነበር። የሙዚቃ ተንታኙ ስለ አንድ ወጣት ዘፋኝ እያወራ «ስልቱ ኢንዲ ነው» አለ። አቅራቢዋ ኢንዲ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። «ለስለስ ያለ ጊታር፣ ዓይን አፋር ድምፅ፣ ብዙ ያልተኳኳለ ቀረጻ» ብሎ መለሰላት። አመስግና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ይህን ትርጉም በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። የኋላው ወንበር ላይ ደግሞ ያን ዕለት የገዛኋቸው አምስት ሲንግሎች፣ ጥቂት ዘፈን ብቻ የያዙ ትንንሽ ሸክላዎች፣ ነበሩ። አራቱ ኢንዲ ናቸው። አንዱ አይደለም። በተንታኙ ትርጉም ከሄድን ግን ከአራቱ ሦስቱ ይወድቃሉ።

ኢንዲ የንግድ ቃል ነው። ኢንዲፔንደንት ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ ራሱን የቻለ እንደማለት። ራሱን የቻለው ደግሞ ዘፈኑ ሳይሆን አሳታሚው ነው። ሸክላው እንዲታተም ማን ከፈለ? ከፋብሪካ ወጥቶ ሱቅ እስኪደርስ ማን አደረሰው? የሁለቱም መልስ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ ከሆነ ሸክላው ኢንዲ ነው። ጊታር ይኑረው አይኑረው፣ ዘፋኙ ይጩህ ያንሾካሹክ፣ ጉዳዩ አይደለም።

ጠላን እናስብ። አንዷ ጠማቂ ጠላዋ ቀጭን ነው። የሌላዋ ወፍራም ነው። አንዷ ጌሾ ታበዛለች፣ ሌላዋ ብቅሉን ታጠቁረዋለች። ኮረፌ አለ፣ ፊልተር አለ፣ ቅራሪ አለ። ታዲያ አንድ ሰው ተነስቶ «የቤት ጠላ ማለት ጎምዘዝ የሚል መጠጥ ነው» ቢል ጠማቂዎቹ ሁሉ ይቆጡታል። የቤት ጠላ የሚያሰኘው ጣዕሙ አይደለም። ገብሱን በራሷ ገንዘብ ገዝታ፣ በራሷ ጋን ጠምቃ፣ በራሷ ደጃፍ መሸጧ ነው። ደጇ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ የምትደፋበትም ለዚህ ነው። ጣሳው «እዚህ ቤት ይሸጣል» ይላል እንጂ ጠላው ምን ምን እንደሚል አይናገርም።

አሁን ወደ ሸክላዎቼ ልመለስ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሸክላዎቹ ላይ የታተመው እሱ ነው።)

የመጀመሪያው «ስፓይራል ስክራች» ነው። አራት ዘፈን የያዘ ትንሽ ሸክላ ነው። ያወጡት ባዝኮክስ የሚባሉት የእንግሊዟ ማንቸስተር ሙዚቀኞች ናቸው፤ በጥር 1977፣ ኒው ሆርሞንስ በሚባል በራሳቸው አሳታሚ ስም። ቀረጻው በታኅሣሥ 1976 መጨረሻ በአንድ ቀን አለቀ። ማሳተሚያውን 500 ፓውንድ ያህል ከጓደኞችና ከጊታር ተጫዋቹ አባት ተበደሩ። አንድ ሺህ ቅጂ አሳተሙ። ብድሩ ይመለስ እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም። ተሽጦ አለቀ፣ ደግመው አሳተሙ፣ በጠቅላላው 16 ሺህ ያህል ተሸጠ። ሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳ ጽፈዋል። ይህ ጽሑፍ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ወጥ ቤቱን ከፍተው እንግዳ እንደማስገባት ነው።

ድምፁስ? ፈጣን ነው፣ የተቆጣ ነው፣ አንደኛው የጊታር ሶሎ ሁለት ኖታ ብቻ እየደጋገመ ያልቃል። መርፌውን ሳስቀምጥበት የመጀመሪያው ነገር ከበሮው ፊቴ ላይ መምጣቱ ነበር። ዓይን አፋር የሚባል ነገር የለበትም። ሆኖም ኢንዲ የሚባለው ነገር ታሪክ ሲጻፍ ከዚህ ሸክላ ይጀመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም። የእኔ ቅጂ የ1977ቱ አይደለም። የ1979ኙ እትም ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል» ብሎ ነበር የለጠፈበት። መለየት ግን ቀላል ነው፤ በ1979 ሲታተም ከቡድኑ ስም ጋር «ዊዝ ሃዋርድ ዴቮቶ» የሚል ተጨምሮበታል። ዘፋኙ ዴቮቶ በዚያን ጊዜ ቡድኑን ለቆ ነበር። ያንን ካያችሁ የመጀመሪያው እትም አይደለምና በመጀመሪያው ዋጋ አትግዙ። ለመስማት ከሆነ ግን የ1979ኙ ምንም አይጎድለውም።

ሁለተኛው ከዚሁ ከምኖርበት ከዋሽንግተን ነው፤ ዲስኮርድ የሚባል አሳታሚ ያወጣው ሲንግል። ዲስኮርድን በ1980 የጀመሩት ገና ወጣቶች ነበሩ። ቲን አይድልስ የሚባለው ቡድናቸው ሊበተን ሲል፣ ከኮንሰርት ያጠራቀሟትን ገንዘብ ተከፋፍሎ ከመውሰድ ስምንት ዘፈን ያለው ሸክላ አሳተሙባት። ሽፋኖቹን በእጃቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ አጣበቁ። ድምፁ እንደ መዶሻ ነው። ዘፈኖቹ አንድ ደቂቃ ሳይሞሉ ያልቃሉ። ተንታኙ ይህንን ቢሰማ «ኢንዲ አይደለም» ይል ነበር። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ራሱን ችሎ ቆሟል።

ሦስተኛው ከእንግሊዟ ብሪስቶል ነው፣ ሳራ ሪከርድስ ከሚባል አሳታሚ። ለተንታኙ ፍትሐዊ ልሁን፤ ይህኛው እሱ ያለው ነው። ጊታሩ ያንጸባርቃል፣ ድምፁ ይፈራል፣ ከበሮው ከሩቅ ይመጣል። ሽፋኑ የታጠፈ ወረቀት ነው፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ። ሁለት ወጣቶች በ1987 ጀመሩት። በ1995 የሥራዎቻቸው ተራ ቁጥር 100 ላይ ሲደርስ በፈቃዳቸው ዘጉት። እሁድ ጠዋት ከቡና ጋር አራት ጊዜ አዳመጥኩት። ከአምስቱ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ስህተቱም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። በ1986 አንድ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ 22 ቡድኖች የተሰበሰቡበት «ሲ ኤይቲ ሲክስ» የሚባል ካሴት አወጣ። ቡድኖቹ ከትናንሽ አሳታሚዎች የመጡ ነበሩ። ሰው ያንን ካሴት ሲያስታውስ ግን ከውስጡ ለስለስ ያሉትን የጊታር ዘፈኖች ብቻ አስታወሰ። ካሴቱ ላይ የሚጮሁና የሚንኮታኮቱ ቡድኖችም ነበሩ፤ እነሱ ተረሱ። ቀስ በቀስ የቤቱ ስም የጣዕሙ ስም ሆነ። ከመንደሩ ጠማቂዎች የአንዷ ጠላ ዝነኛ ሲሆን፣ ሰው የቤት ጠላ ሁሉ እንደሷ ጠላ ነው ማለት ጀመረ።

አራተኛውና አምስተኛው ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። አራተኛው ከሲያትሉ ሰብ ፖፕ ነው። ይህ አሳታሚ በኅዳር 1988 የሲንግል ክለብ ጀመረ፤ አባል የሆነ ሰው በፖስታ ሸክላ ይደርሰዋል። የክለቡ የመጀመሪያ ሸክላ ኒርቫና የሚባለው የሮክ ቡድን ነበር፣ «ላቭ በዝ»፣ በእጅ ቁጥር የተጻፈባቸው አንድ ሺህ ቅጂዎች። እኔ ያ የለኝም፤ የእኔ ከዚያው ቤት የሌላ ቡድን ነው። (የ«ላቭ በዝ» ሐሰተኛ ቅጂ ብዙ ነው። በርካሽ የቀረበላችሁ ሰዎች እባካችሁ ተጠንቀቁ።) አምስተኛው የራሱ የኒርቫና ነው፤ በ1991 የወጣው «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»፣ የእንግሊዝ እትም። አሳታሚው ዲ ጂ ሲ ነው፣ ጌፈን የሚባለው ኩባንያ ቤት። ጌፈንን ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ኤም ሲ ኤ ገዝቶታል።

ያው ዘፋኝ ነው፣ ያው ጊታር ነው። የ1988ቱ «ላቭ በዝ» ኢንዲ ነው፣ የ1991ዱ አይደለም። በሁለቱ መካከል ሰውየው ድምፁን አልቀየረም። የተቀየረው ቼኩን የሚፈርመው ሰው ነው። ኢንዲ የድምፅ ስም ቢሆን ኖሮ ይህን በምን እናስረዳዋለን? የአምስተኛው ሸክላ ከረጢት ላይ ሱቁ «ኢንዲ ሮክ» ብሎ ለጥፎበታል። ስሙን አልጠቅስም፣ የምወደው ሱቅ ነው፤ ወረቀቱን ግን ቤት ስደርስ አንስቼዋለሁ።

አሁን የሚከተለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ደጋግሞ ይመጣል። «እነዚህ ትናንሽ አሳታሚዎች የሚያሳትሙት እኮ በትልልቆቹ ፋብሪካ ነው፤ ታዲያ ምኑን ቻሉት?» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ የራሳቸው ማተሚያ አልነበራቸውም። ግን ጠማቂዋም ወፍጮ የላትም። ገብሷን የምታስፈጭበት ወፍጮ የሌላ ሰው ነው፤ የሠርግ ደጋሹም እዚያው ያስፈጫል። ዋጋዋን ከፍላ ዱቄቷን ተሸክማ ትወጣለች። ባለወፍጮው ጠላዋ ውስጥ ድርሻ የለውም። ማተሚያ ፋብሪካም እንዲሁ ነው።

ዋናው ነገር መንገዱ ነው። አንድ ሺህ ሸክላ አሳትሞ ሳሎን መከመር ማንም ይችላል። ከማንቸስተር ግላስጎ የሚያደርሰው ማን ነው? ለንደን ውስጥ በ1976 የተከፈተው ራፍ ትሬድ የሚባል ሱቅ ይህን ችግር ለመፍታት ተነሳ። በ1978 ደግሞ ራሱ አሳታሚ ሆነ። በየክፍለ ሀገሩ ካሉ ሱቆች ጋር ተጣምሮ «ዘ ካርቴል» የሚባል የማከፋፈያ መረብ ዘረጋ። ትልልቆቹን ኩባንያዎች ደጅ ሳይጠኑ አገሩን ማዳረስ የተቻለው በዚህ ነው። በጥር 1980 በእንግሊዝ የኢንዲ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሲጀመርም መስፈርቱ አንድ ነበር፤ ሸክላው የሚከፋፈለው ከትልልቆቹ መረብ ውጭ መሆኑ። ስለ ጊታር የሚል ቃል አልነበረበትም።

ለዚህም ነው በ1988 ካይሊ ሚኖግ የዚያ ሰንጠረዥ አናት ላይ የወጣችው። አዎ፣ ያቺው የዳንስ ዘፈኖቿ በየቡና ቤቱ የሚጮሁላት ካይሊ። አሳታሚዋ ፒ ደብልዩ ኤል የግል ቤት ነበር፣ የሚከፋፈለውም በገለልተኛ አከፋፋይ። ብዙ የጊታር ወዳጆች ተናደዱ። ሰንጠረዡ ግን አልተሳሳተም። በመስፈርቱ ኢንዲ ነበረች።

ራፍ ትሬድ ማከፋፈያ በ1991 ሲወድቅ ደግሞ ሸክላቸውን በእሱ በኩል የሚሸጡ ትናንሽ አሳታሚዎች ገንዘባቸው ተያዘ፣ አንዳንዶቹም አብረው ወደቁ። የአንዳቸውም ጊታር አልተለወጠም ነበር። መንገዱ ነው የተዘጋው። ኢንዲ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚያ ዓመት የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

ድንበሩ ግልጽ ያልሆነበት ቦታም አለ፣ አልደብቅም። ኦኤሲስ የሚባለውን ቡድን ሸክላዎች ያወጣው ክሪኤሽን ሪከርድስ በ1992 ግማሽ ያህሉን፣ 49 በመቶውን፣ ለትልቁ ኩባንያ ለሶኒ ሸጧል። የቢራ ፋብሪካ መጥቶ ከጠማቂዋ ጋን ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ቢገዛ የቤት ጠላ ነው እንላለን? ጠማቂዋ ያቺው ናት። ጌሾው ያው ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ያሉትን የክሪኤሽን ሸክላዎች ከኢንዲ መደርደሪያዬ ላይ አላስቀምጥም። ሌላ ሰብሳቢ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ እንከራከራለን፣ ግን የምንከራከረው ስለ ድርሻ ነው እንጂ ስለ ድምፅ አይደለም።

ራሳችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የሸክላውን መሃል ተመልከቱ። ክቡ ወረቀት ላይ፣ ከዳር፣ በትንንሽ ፊደል የባለመብቱ ስም አለ። የአከፋፋዩ ስም ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ጀርባ፣ ታች ጥግ ላይ ነው። የአሳታሚውን ስም ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም የትንሽ ቤት ስም የሚመስል ስም ያወጣሉ። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶውን የሚዞርበትን መስመርም በብርሃን እዩት። የእትሙ ቁጥር እዚያ ተጭሯል። አንዳንዴ አሳታሚዎቹ ለሰሚው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጭሩበታል። ሌላም ልጨምር፤ የአሜሪካ ሲንግል መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፣ የእንግሊዙ ግን ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ለሰፊው የምትገባዋን ክብ ፕላስቲክ ሳትይዙ ወደ ቤት አትሂዱ።

ተንታኙን አግኝቼ ብነግረው ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። እኛም ጋ ነበረ። በ1948 የወጣ ደንብ በኢትዮጵያ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል የሸክላ ሱቅ የነበረው ወጣት በ1969 ያንን አልፎ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ውጭ አገር ይታተም ነበር፤ ያው የሌላ ሰው ወፍጮ። ገንዘቡ የራሱ፣ ሱቁ የራሱ፣ አደጋው የራሱ። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ሲንግል አወጣ። በዚያው ዘመን ትልቁ የውጭ ኩባንያ ፊሊፕስም የአማርኛ ሸክላ ያሳትም ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መጠናቸው ያው፣ ዋሽንቱና ሳክስፎኑ ያው፣ ዘመኑ ያው ነው። አንዱ ኢንዲ ነው፣ ሌላው አይደለም። ለስለስ ያለ ጊታር ፍለጋ ከሄዳችሁ ይህን ልዩነት አታገኙትም።

የአምሃ ሸክላ እቤታችሁ ካለ፣ ምናልባት የአባታችሁ ሳጥን ውስጥ፣ በእጅጌያችሁ አትጥረጉት። አቧራው መስመሩ ውስጥ ገብቶ ይፍቀዋል። ለስላሳ ጨርቅ፣ የተጣራ ውሃ፣ መስመሩን ተከትሎ በክብ። ወረቀቱ እንዳይርስ ተጠንቀቁ፤ ማን እንዳሳተመው የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።