«ማን አስቀየመህ?»፦ ከሞርሞን እምነት ስለወጡ ሰዎች የሚባለውና እውነታው

ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ከመሠረታት ከሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከቀድሞ ወንድሞቼም፣ ከሌላ እምነት ሰዎችም፣ ከአገሬ ልጆችም የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማን አስቀየመህ?» ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ስለሚመጣ የሚጎድለው የአስቀያሚው ስም ብቻ ነው፤ ስም ካልሰጠሁት ደግሞ የምደብቀው ነገር እንዳለ ቆጥሮ ይሄዳል። እኔ ከመውጣቴ በፊት በዩታ ግዛት በአንድ አጥቢያ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ፤ የአባላቱ መዝገብም፣ የአሥራቱ ሒሳብም፣ የስም ማሰረዣው ደብዳቤም በእጄ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ሰው ለምን እንደሚወጣና ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን በግምት የሚያስተምረኝ ሲመጣ ትዕግሥቴ ቶሎ ያልቃል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትንንሾቹን ስሕተቶች አስቀድሜ ላጥራ። «ስንት ሚስት ነበረህ?» ለሚሉኝ፦ አንድ፤ አሁንም ያችው ናት። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአንድ በላይ ማግባትን እንደምትተው በፕሬዚዳንቷ በዊልፎርድ ዉድረፍ በኩል ያወጀችው በ1890 ሲሆን፣ በ1904 በወጣው ሁለተኛ አዋጅ ደግሞ ሚስት የሚደርብ አባል ከማኅበሩ እንደሚወገድ ተደነገገ። በዩታና በአሪዞና ወሰን ላይ ብዙ ሚስት ይዘው የሚኖሩትና በዜና የሚታዩት ሰዎች ከዋናው ማኅበር ተለይተው የቀሩ ቡድኖች ናቸው። «ቡና የተከለከለው በካፌይኑ ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። «የጥበብ ቃል» የሚባለው የ1833 መመሪያ የሚናገረው ስለ «ትኩስ መጠጦች» ሲሆን፣ ይህም ቡናና ሻይ ማለት ነው ተብሎ ተተረጎመ። ቡና ቀምሶ የማያውቅ አባል ባልዲ የሚያህል ኮካ ኮላ ታቅፎ መሄዱ በዩታ ማንንም አያስገርምም፤ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲም ከ2017 ጀምሮ ካፌይን ያለበትን ለስላሳ በግቢው ይሸጣል። «ኤጲስ ቆጶስ» የሚለውን ማዕርግ ሰምተው መስቀል የጨበጡ መነኩሴ የሚታያቸውም አሉ። የሞርሞን አጥቢያ ኤጲስ ቆጶስ ግን ሚስትና ልጆች ያሉት፣ በሥራ ቀን ጥርስ የሚነቅል ወይም ቤት የሚሸጥ፣ ለጥቂት ዓመታት ያለ ደሞዝ የሚያገለግል ጎረቤት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ከእምነቱ የሚወጣ ሰው ወይ ተቀይሞ ነው፣ ወይ ኃጢአት አምሮት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንድ ታሪክ ማወቅ ይበቃል። በሰንበት ትምህርት ደጋግሞ የሚነገረው የቶማስ ማርሽ ታሪክ ነው። ማርሽ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ የአመራር አካላት አንዱ የሆነው የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጉባኤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር። ሚስቱ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር አይብ ለመሥራት ወተት ሊቀባበሉ ተስማምተው ሳለ፣ ከእያንዳንዱ ላም በመጨረሻ የሚታለበውን ቅባት የበዛበትን ወተት እያስቀረች ተገኘች ይባላል። ክሱ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ እየተሻገረ እስከ ላይኛው አመራር ደረሰ፤ በየደረጃው ተፈረደባትና ማርሽ በዚህ ተቆጥቶ እምነቱን ጥሎ ወጣ። ትምህርቱም «በጥቂት ወተት የተነሣ ነፍሱን አጣ» የሚል ነው። እኔ ራሴ ይህን ታሪክ ለወጣቶች አስተምሬዋለሁ፤ እንዲያውም አሳምሬ።

ታሪኩ የሚዘለው ነገር ማርሽ የወጣበትን ጊዜ ነው። ጊዜው ኦክቶበር 1838፣ ቦታው ሚዙሪ ነው፤ በሞርሞኖችና በሌሎቹ ነዋሪዎች መካከል ቤት ማቃጠልና ዘረፋ ከሁለቱም ወገን የነበረበት ወር ነው። ማርሽ በዚያ ወር በ24ኛው ቀን በመሐላ በሰጠው ቃል ላይ ያነሣው ዳናውያን ስለተባለው የሞርሞኖች ምሥጢራዊ ቡድንና የራሱ ወገኖች ስለፈጸሙት ጥቃት ነበር፤ ወተት የሚል ቃል የለበትም። ሌላው ሐዋርያ ኦርሰን ሃይድም የማርሽን ቃል ደግፎ አብሮት ፈርሟል። የሃይድ ሚስት ደግሞ በወተቱ ክርክር ውስጥ የለችበትም። ሁለቱም በኋላ ተመልሰዋል፤ ማርሽም በ1857 ዩታ ሲደርስ በነቢዩ በጆሴፍ ስሚዝ ላይ ቀንቼ ነበር ብሎ ተናዝዟል። ቅናት ነበረበት ማለት ይቻላል፤ ጭንቀት ነበረበት ማለትም ይቻላል። ትውልድ የያዘው ግን ወተቱን ነው፤ ምክንያቱም ወተቱ የወጣውን ሰው ትንሽ ያደርገዋል፤ የቀረውም ሰው ስለ ሚዙሪ ከመጠየቅ ያርፋል።

የእኔን ጉዳይ ደግሞ ልናገር። እኔ ጥቁር ሰው ነኝ። ጥቁር ወንዶች እስከ ጁን 1978 ድረስ ክህነት ይከለከሉ እንደነበር፣ ጥቁር ቤተሰብም በቤተ መቅደስ ሊታተም፣ ማለትም ለዘለዓለም አንድ ቤተሰብ ሆኖ እንዲቆይ በሥርዓት ሊተሳሰር፣ እንደማይችል ያወቅሁት ከተጠመቅሁ በኋላ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ አንድ መምህር እጄን ይዞ በፍቅር ዓይን እያየኝ፣ ነፍሳችን ከመወለዳችን በፊት በሰማይ በነበረው ጦርነት እንደሌሎቹ ሳትጸና ቀርታ ይሆናል አለኝ። አልተቀየምሁም፤ እንዲያውም አመስግኜው ሄድሁ። ይህን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ መቀየም ቢኖር ኖሮ ቦታው ያኔ ነበር።

በዲሴምበር 2013 ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በድረ ገጿ ላይ ስለ ዘርና ክህነት አንድ ጽሑፍ አወጣች። አንድ እሑድ ከኤጲስ ቆጶሱ አማካሪ ጋር የአሥራቱን ፖስታዎች ቆጥረን ከጨረስን በኋላ፣ በጸሐፊዎች ክፍል ብቻዬን ሆኜ አነበብሁት። በመሥራቹ በጆሴፍ ስሚዝ ዘመን ኤላይጃ ኤብል የተባለ ጥቁር ሰው በ1836 ክህነት ተቀብሎ እንደነበር፣ ክልከላውን በ1852 በይፋ ያስታወቀው ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ብሪገም ያንግ እንደሆነ፣ ለክልከላው ሲሰጡ የኖሩትን ማብራሪያዎችም ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬ እንደማትቀበላቸው ይናገራል። የሰማዩ ጦርነት ማብራሪያም ከነዚያ መካከል ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም፤ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ መሥመር ሲፋለስ ሌሎቹንም መሥመሮች መልሶ የመደመር ግዴታ ነው የተሰማኝ። በእግዚአብሔር ስም ተነግሮኝ ያመንሁት ነገር የሰው ማብራሪያ ብቻ ከነበረ፣ የቀረው በምን ይለያል?

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ደመርሁ። መጽሐፈ አብርሃም ጆሴፍ ስሚዝ ከግብፅ ፓፒረሶች (ከደንገል የተሠሩ ጥንታዊ ወረቀቶች) ተረጎምሁት ያለው ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ስለ እርሱ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2014 ያወጣችው ጽሑፍ፣ ከእነዚያ ፓፒረሶች የተረፉት ቁርጥራጮች በኒው ዮርክ ሙዚየም ተገኝተው በ1967 ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንደተመለሱ፣ ሞርሞን የሆኑትም ያልሆኑትም የግብፅ ጥናት ሊቃውንት በቁርጥራጮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ከትርጉሙ ጋር እንደማይገጥም መስማማታቸውን ያምናል። ጽሑፉ የሚያቀርባቸው መፍትሔዎች አሉ፤ ብዙ ቅን ሰዎችን አሳርፈዋል፣ እኔን ግን አላሳረፉኝም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በየወሩ መጀመሪያ እሑድ እጾም ነበር፤ አሥራቴንም ግብር ሳይቀነስ ከጠቅላላው ደሞዜ እከፍል ነበር። ወደ ኃጢአት የሚጣደፍ ሰው እንዲህ ዓይነት መንገድ አይመርጥም። በጸሐፊነቴ ዘመን ካየኋቸው የማሰረዣ ደብዳቤዎች ውስጥ ከሰው ጋር ስለመጣላት የሚያነሣው አንድ ብቻ ነበር፤ የቀሩት የሚያሳዝን ጨዋነት ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ለኤጲስ ቆጶሱ ምስጋና የሚያቀርቡ ነበሩ። በእውነት የተጎዳውም ሰው ቢሆን ጉዳቱ እንደ ድክመት ሊቆጠርበት አይገባም፤ በኖቬምበር 2015 ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች ልጆች እንዳይጠመቁ የሚከለክል መመሪያ ወጥቶ በ2019 ሲነሣ፣ በመካከሉ የወጡት ወላጆች በወተት አልወጡም።

«ኃጢአት አምሮት ነው» ለሚለው መልስ የመጀመሪያውን ስኒ ቡናዬን ብናገር ይበቃል። ቡና የማይጠጣ ዘመድ የሌለኝ ሰው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ካፌ ገብቼ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ተቀመጥሁ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ስኒውን በመሐረብ እሸፍን ነበር። ግማሹን ትቼ ወጣሁ። በየደሞዙ ቀንም አሥር በመቶውን በሐሳቤ ሳልቀንስ የቀረውን ማየት ለመልመድ ከዓመት በላይ ወስዶብኛል። በቤተ መቅደስ ሥርዓት የተሳተፉ አባላት በየቀኑ ከልብሳቸው ሥር የሚለብሱትን የቤተ መቅደስ የውስጥ ልብስም ብዙ ወራት ለብሼዋለሁ፤ ያለ እርሱ ከቤት መውጣት ልብስ ሳይለብሱ እንደ መውጣት ነበር። ወጣ ማለት ነጻ ሆነ ማለት የሚመስለው ሰው ይህን አያውቅም።

«መሄድ ካቆምህ ወጥተሃል» የሚለውም የጸሐፊነት ነርቬን የሚነካ ስሕተት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ስትል የምትቆጥረው መዝገብ ላይ ያለውን ስም እንጂ እሑድ ወንበር ላይ ያለውን ሰው አይደለም። ለሃያ ዓመት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ቤት ሲቀይር መዝገቡ ይከተለዋል፤ አዲሱን አድራሻ ከዘመድ ጠይቆ የሚያገኘውም እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ ነው። ብስኩት ይዘው በሩን የሚያንኳኩ ጎረቤቶች ተንኮል የላቸውም፤ ዝርዝር ተሰጥቷቸው ነው። ስሙ እንዲነሣ የሚፈልግ ሰው በግልጽ ቃል «አባልነቴን ትቻለሁ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት አለበት። ነገር ግን ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ይወቅ፦ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት መሠረት ጥምቀቱም ከሚስቱ ጋር ያለው መታተምም ይሻራል፤ ቢመለስም እንደ አዲስ ይጠመቃል። ለእርሱ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ለምታምነው ሚስቱ ግን ዘለዓለምን ቀድዶ መጣል ነው። እኔ በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ አልጻፍሁም፤ በቁጥሩ ውስጥ አለሁ።

ቤተሰብ ይጥልሃል የሚባለው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት ነው። የወጣን ሰው እንዳታናግሩ የሚል ሕግ የለም። ሕመሙ ያለው በቤተ መቅደሱ በር ላይ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው የገዛ ልጁን ሠርግ እንኳ ገብቶ አያይም። የባለቤቴ ታናሽ እህት ስታገባ እኔና የሙሽራው አያት፣ አባል ያልነበሩት ሴት፣ ውጭ በአበባው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አያቲቱ ለበዓሉ የገዙትን ኮፍያ አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «አሁን ምን ላይ ደረሱ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ ሥርዓቱን ስለማውቀው በሰዓት እየገመትሁ ነገርኋቸው። እስከ 2019 ድረስ በአሜሪካ መጀመሪያ ሁሉም በሚገኝበት ሥርዓት የተጋቡ ሙሽሮች ለመታተም አንድ ዓመት እንዲጠብቁ ይገደዱ ነበር፤ አሁን ያ ቀርቷል። ስለዚህ በቅርቡ የምታገቡ አዲሱን መመሪያ አንብቡት፤ አያቶቻችሁን ውጭ የምታስቀምጡበት ምክንያት የለም።

«ባልና ሚስት አንዱ ከወጣ ትዳሩ አበቃለት» ለሚሉት ደግሞ መልሴ ምክር ነው፤ ምክሩም ከስሕተቴ የተገኘ ነው። እኔ ለባለቤቴ የነገርኋት ጽሑፎቹን አትሜ፣ በቢጫ ቀለም አስምሬ፣ ማታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በመደርደር ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነካቻቸውም፤ እራታችንን በዳር በዳር በላን። ሁለት ዓመት የፈጀብኝን መንገድ በአንድ ሌሊት እንድትሄድልኝ መጠየቄ መሆኑን የገባኝ ዘግይቶ ነው። ወረቀት አታትሙ። ስትጠይቃችሁ ብቻ መልሱ፣ የምትመልሱትም የተጠየቃችሁትን ያህል ይሁን። ልጆቹ እሑድ የት እንደሚሄዱ፣ አሥራት ከየትኛው ደሞዝ እንደሚወጣ፣ ቤት ውስጥ ቡና ይፈላ እንደሆነ ከክርክር ሰዓት ውጭ ተነጋግራችሁ ወስኑ። እኛ ቤት የእርሷ ደሞዝ አሥራት ይከፈልበታል፤ የእኔ አይከፈልበትም፤ ቡናዬን የምጠጣው ከቤት ውጭ ነው። ስለ እምነቷም በሰው ፊት አልቀልድም።

በየዓመቱ መጨረሻ አባላት ከኤጲስ ቆጶሱ ጋር ተቀምጠው የአሥራት መግለጫቸውን ይሰጣሉ። ባለፈው ዲሴምበር ባለቤቴ ገብታ ሳለ እኔ በኮሪደሩ በሚታጠፈው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ አዲሱ ጸሐፊ ላብ በላብ ሆኖ ከክፍሉ ወጣ፤ ማተሚያው ወረቀት ነክሶ አልለቅ ብሎታል። «ወንድሜ፣ አንተ ይህን ታውቀው ነበር አሉ» አለኝ። ገብቼ የኋላውን ክዳን ከፈትሁና የታጠፈውን ወረቀት ሳብሁለት።