ጂን አዛዥ ፕሮቲኖች፦ ከካላዛር እስከ ካንሰር

ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች ዲኤንኤ ላይ እየተጣበቁ የትኛው ጂን እንደሚነበብ፣ የትኛው ዝም እንደሚል የሚወስኑ ፕሮቲኖች ናቸው። ሰው ውስጥ ወደ 1,600 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉ። የጉበት ሴልና የነጭ ደም ሴል ዲኤንኤ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ሥራቸውን የሚለያዩት እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው።

ጎንደር ላይ ይህ የላብራቶሪ ወሬ ብቻ አይደለም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የወረዱ ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው ካላዛር ይይዛቸዋል። ጣፊያቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው ከስቶ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይመጣሉ። ተቋሙ በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ባለሙያ ማሠልጠኛነት የተጀመረ ነው። የካላዛር ተሕዋሲ የሚደበቀው ማክሮፌጅ ውስጥ ነው፤ ሊውጠውና ሊፈጨው በተሰማራው ሴል ሆድ! ማክሮፌጁ እንዲገድለው ቲ ሴሎች ከተባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል የማንቂያ ፕሮቲን ሊደርሰው ይገባል። ቲ ሴሉ ይህን በደንብ እንዲያመርት ደግሞ ቲ-ቤት የተባለው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ያስፈልጋል። ጋታ-3 ካየለ ሴሉ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፦ ለአንጀት ትላትልና ለአለርጂ ወደሚሆን ምላሽ። ኤችአይቪ እነዚህን ቲ ሴሎች ስለሚጨርስ፣ ሁለቱም ያለበት ሰው ካላዛሩ ታክሞ እንኳ ደጋግሞ ያገረሽበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፎክስፒ3 ነው። የሰውነት መከላከያን የሚገቱትን ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚሠራው ይህ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው። ጂኑ ሲበላሽ የሰውነት መከላከያ በራሱ አካል ላይ ይዘምታል፤ ጨቅላ ወንድ ልጆችን ለሞት የሚያደርስ በሽታም ይመጣል። ሜሪ ብሩንኮ፣ ፍሬድ ራምስዴልና ሺሞን ሳካጉቺ በዚህ ዘርፍ ሥራቸው የ2025ን የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። ዕጢ ውስጥ ግን እነዚሁ ሴሎች ሲበዙ ካንሰሩን ከጥቃት ይከልሉታል። ቶክስ የተባለው ደግሞ ከዕጢ ጋር ለረጅም ጊዜ የታገሉ ቲ ሴሎች ዝለው እንዲቀሩ ያደርጋል።

ካንሰር ሴል ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ሚክ የተባለው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ጂኑ ከቦታው ተዛውሮ ያለ ልክ ሲሠራ የበርኪት ሊምፎማ የሚባል የነጭ ደም ሴል ካንሰር ይነሳል። ፒ53 የተባለው ሌላ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የተጎዳ ሴልን ያስቆማል ወይም ይገድላል፤ ከካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ተበላሽቶ ይገኛል። በአገራችን ብዙ ሴቶችን በሚገድለው የማህፀን በር ካንሰር ግን ጂኑ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤችፒቪ፣ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ ፒ53ን እያስፈረሰ ያስወግደዋል። ትራንስክሪፕሽን ፋክተርን በመድኃኒት መምታት አስቸጋሪ ነው፤ አብዛኞቹ መድኃኒቱ የሚገባበት ምቹ ስርጉድ የላቸውም። ፒ53ን ከጠፋ በኋላ ለመመለስ ከመታገል ቫይረሱን ቀድሞ መከላከል ይቀላል። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤችፒቪ ክትባት የሚሠራው ይህንኑ ነው።